ለሎርና የመጡ ሳህኖች

ኒው ዮርክ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1953

ለውድ የአክስቴ ልጅ ለራግና፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከጩኸት ከተማ ተነስቶ እዚያ ጸጥ ያለው እርሻችሁ ድረስ ይድረስሽ። አንቺ፣ ኤልመር፣ ላሞቹ፣ ከሁሉም በላይ የዓይኔ ብሌን ሊኔያ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሥራ አገኘሁ! በማስታወቂያ ላይ የፍሪጅ በር እየከፈቱ ለተመልካች ፈገግ ማለት ቀረ። በሬዲዮ «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ብሎ መጥፋትም ቀረ። «የዶክተር ፌን ቤት» የሚባል የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ውስጥ ሎርና የምትባለውን ሴት ሆኜ እሠራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ በእናንተ ሰዓት ልክ እኩለ ቀን ላይ ይተላለፋል። ሎርና ሚስቱ የሞተችበትን ዶክተር ለማግባት ቤቱ ገብታ ሴት ልጁን የምታንገላታ ክፉ ናት። ዳይሬክተሩ ገና ሲያየኝ «ፊትሽ መልካም ነው፤ ዓይንሽ ግን ያስፈራል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው» አለኝ። አመሰገንኩት፤ ሌላ ምን ይባላል?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሦስት ሳምንት ሕፃን አቅፌ በርሽን ያንኳኳሁ ቀን ምን እንደተባባልን አትረሺውም። አባት የሌላት ልጅ ይዤ የትም መድረክ ላይ እንደማልቆም ስነግርሽ፣ «እግርሽን እስክትተክዪ እኔ ጋ ትሁን» አልሽኝ። ሰፈሩ እንዳያማ ያንቺና የኤልመር ልጅ ተብላ ተመዘገበች፤ እኔም የገዛ ልጄ አክስት ሆንኩ። ይኸው ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ውሌ በሜይ ይታደሳል። ያኔ ሁለት ክፍል ቤት እከራይና መጥቼ እወስዳታለሁ። ለሰው «የዘመድ ልጅ ናት» እላለሁ፤ ለእሷ ግን እናቷ መሆኔን እነግራታለሁ።

እስከዚያ አንዲት ቃል ካፍሽ እንዳታመልጥ። ለድራማው የሚከፍለው የሳሙና ዱቄት ኩባንያ «ነውር የሌለበት ኑሮ እኖራለሁ» የሚል ወረቀት አስፈርሞኛል። በስልክ እንኳ ስለዚህ አናወራም፤ መስመራችሁን ስንት ቤት ይጋራዋል፣ ጎረቤታችሁ ሚስስ ሞ ስልኩን አንስታ መስማቷን በትንፋሿ ነው የማውቀው።

ሊኔያ እኔን አይታ የምትለውን ሁሉ ጻፊልኝ። ፎቶዋንም ላኪልኝ።

ያንቺው ቲራ


ሆቭዳል፣ ሚኒሶታ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1953

ለተወደድሽ ለቲራ፣

የጌታችን ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ፤ በዚያ በኃጢአት ከተማ መካከልም መልአኩ ካጠገብሽ አይለይ። እኛ ቸርነቱ አልጎደለብንም። አዝመራው ገብቷል፣ የኤልመር ወገብ ብቻ እንደ ልማዱ ነው።

ቴሌቪዥን ገዛን። ኤልመር አንቴናውን ከጎተራው ጣሪያ ላይ አቁሞታል፤ መብረቅ ይመታዋል ብለን ስንሰጋ እስካሁን አልመታውም። እኩለ ቀን ሲሆን የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሹራባቸውን ይዘው ይመጣሉ። ባሎቻቸው ቀዝቃዛ ምሳ በመብላት ላይ ናቸው። ሚስስ ሞ ባየችሽ ቁጥር «ምነው ይቺ ልጅ አንገቷን ሸፈን ብታደርግ፣ በዚህ ብርድ!» ትላለች። የሥራ ልብስሽ እንደሆነ ነገርኳት። እዚህ ካንቺ ጎን የምቆም እኔ ብቻ ነኝ። የአባትሽን ስም አውልቀሽ ሌላ ስም መለጠፍሽን ግን እኔም ለማስረዳት ተቸግሬያለሁ። ወገብሽ አካባቢስ ወፍረሻል ወይስ የቴሌቪዥኑ ሳጥን ነው?

ሊኔያ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። አንቺን ስታይ «እማ፣ አክስቴ ቲራ ለምን ታስፈራለች?» አለችኝ። ሥራዋ ነው አልኳት። «ማስፈራት ሥራ ነው?» አለች።

የኤልመር ካሜራ ስለተበላሸ ፎቶ አልላክሁም። ስለ ሜይ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ገና በረዶ እንኳ አልጣለም፤ ሜይ ሩቅ ነው።

ራግና


ኒው ዮርክ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1953

ለእህቴ ለራግና፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከናፍቆት በስተቀር የጎደለብኝ የለም። ለጸሎትሽ አመሰግናለሁ፤ ስለ ወገቤ ስላሰብሽም እንዲሁ። ሳጥኑ ነው የሚያወፍረው።

የሊኔያን ጥያቄ ሳነብ ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። እንዴታ፣ ማስፈራት ከባድ ሥራ ነው በያት! መብራቱ ከላይ እንደ ዳቦ ይጋግረናል፤ ሁሉም ነገር በቀጥታ ስለሚተላለፍ ደግሞ ካፍ የወጣ ነገር ወጣ ነው፣ አይመለስም። ባለፈው ሳምንት የዶክተሩ አባት ሞተ። አልጋው ላይ ተዘርግቶ እኛ ዙሪያውን ቆመን ስናለቅስ፣ ሽማግሌው ካሜራው ከእሱ የዞረ መስሎት ብድግ አለና ጫማውን ፈልጎ ሄደ። አገር ሁሉ አየው። የኩባንያው ስልክ «ሰውየው ሞቷል ወይስ አልሞተም?» በሚሉ ሰዎች ሲጮህ ዋለ። በማግስቱ ቀበርነው። ምስኪኑ ሌላ ድራማ ላይ ሥራ ቢጠይቅ «አንተ ሞተህ የለም እንዴ?» ብለው መለሱት። ተመልካች አንዴ የቀበረውን ሰው ቢነሳም አይቀበለውም።

እኔንም ትናንት ሱቅ ውስጥ አንዲት ባልቴት በቦርሳዋ ጀርባዬን አጮለችኝ። «ያቺን እናት የሌላት ልጅ ምሳ የምትከለክዪ አንቺ አይደለሽም?» ብላ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጅቷ ከምሳ በኋላ ሁለት አይስክሬም እንደበላች ብነግራትም አላመነችኝም።

አሁን የምለምንሽን ስሚ። አያታችን በገና ማዕድ ላይ ናፕኪን አጥፋ ጥንቸል ትሠራልን እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሐሙስ ኖቬምበር 12 የእራት ትዕይንት አለን። ሎርና እያወራች ናፕኪኗን ትይዛለች፤ እኔ ጥንቸል አድርጌ አጥፌ ገበታው ላይ አቆመዋለሁ። ለዳይሬክተሩ አልነገርኩትም። ሊኔያን ከፊት አስቀምጪያትና «ያ ጥንቸል ላንቺ ነው፣ አክስትሽ እዚያ ሆና ላንቺ ነው የሠራችው» በያት። ለገና የሚሆናት አሻንጉሊትም ልኬያለሁ፤ ከቀሚሱ ኪስ ውስጥ ፎቶዬ አለ።

ያንቺው ቲራ


ሆቭዳል፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1954

ለተወደድሽ ለቲራ፣

አዲሱን ዓመት የጤናና የንስሐ ያድርግልሽ። መልስ በማዘግየቴ አትቀየሚኝ፤ ክረምቱ ከበደን።

ያን ሐሙስ ነገር ሆኖብን ለሊኔያ ጫማ ልንገዛ ከተማ ወርደን ነበር። እግሯ እንዴት እንደሚያድግ ብታዪ! ሚስስ ሞ ግን አይታሻለች። «ሴትየዋ ናፕኪን ስትጨማድድ ነው የዋለችው፤ እጇ አርፎ አይቀመጥም፣ የመጠጥ ምልክት ነው» አለችኝ። እንደማትጠጪ ነገርኳት፤ ያመነችኝ አልመሰለኝም።

በገና ሰሞን የዶክተሩን ልጅ እንጨት ማከማቻው ውስጥ ቆልፈሽ በረዶ ላይ ስታሳድሪያት ሊኔያ አየችሽ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሳጥኑን አጠፋባት ነበር፤ ያን ቀን ግን እጄ ሊጥ ነበር። ማታ አልጋችን ውስጥ ገባችና «አክስቴ እዚህ ትመጣለች?» አለችኝ። ትመጣ ይሆናል አልኳት። «በሩን ቆልፊው» አለች። ቆለፍኩት። ልጅ ናት፤ ምን ላድርጋት? ይኸው በየማታው አንድ ቀን ሳታሳልፍ በር ታስቆልፈኛለች።

አሻንጉሊቱን ሲረጋጋላት እሰጣታለሁ ብዬ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ፎቶሽ መሳቢያ ውስጥ ነው። አይጠፋም።

ራግና


ኒው ዮርክ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1954

ራግና፣

ሰላም ለቤቱ። ጤናችሁን ከልቤ እመኛለሁ፤ ሌላውን ሰላምታ አንጀቴ ሲበርድ እጽፈዋለሁ።

ማከማቻው ካርቶን ነው! በረዶው የኩባንያው ሳሙና ዱቄት ነው! ልጅቷን እስክታስነጥስ ድረስ ነሰነሱባት፤ እንዳለቀ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ብስኩት በላች። «ካርቶን ነው» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? በር ከምትቆልፊ ይህን ብትነግሪያት አይቀልሽም ነበር? ስንት ሰው እያየኝ አንድም ሰው ያላየውን ጥንቸል አጥፌ ቤቴ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ «አሁን ነግራታለች፣ አሁን ስቃለች» ስል ዋልኩ። እናንተ ጫማ ትገዛላችሁ።

ተቆጣሁ፤ ይቅር በይኝ። ኩፍኝ ሲይዛት እንቅልፍ ያጣሽው አንቺ ነሽ። ይህን አልረሳም፤ ረስቼም አላውቅም።

የምለምንሽ ሌላ ነገር አለ፤ ይኼኛው ለሁላችንም ነው። አዘጋጃችን ሚስተር ዌብ ማን ይቆይ ማን ይሂድ የሚለውን የሚወስነው በተመልካች ደብዳቤ ነው። በጆንያ ነው የሚያመጡለት። ሎርናን ቢሰድቧት ግድ የለውም፤ እንዲያውም «የተጠላች ሴት ሳሙና ትሸጣለች» ይላል። አንድ ነገር ብቻ ያስደነግጠዋል፤ «ይቺ ሴት ካልሞተች ሳሙናችሁን አንገዛም» የሚል ደብዳቤ። ያ ከበዛ ሎርናን ይገድሏታል፣ እኔም በሜይ ሜዳ ላይ እቀራለሁ፣ ቤቱም ይቀራል፣ ሊኔያም ትቀርብኛለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ይጻፉልኝ። የፈለጉትን ያህል ይርገሙኝ፤ ያንን አንዱን ነገር ብቻ እንዳይሉ ንገሪያቸው። አንቺን ይሰሙሻል።

ቲራ


ሆቭዳል፣ ማርች 21 ቀን 1954

ለእጅግ የተወደድሽ እህቴ ለቲራ፣

እግዚአብሔር መውጣት መግባትሽን ይባርክልሽ፤ ፊቱን ያብራልሽ፤ ድካምሽን ይቁጠርልሽ፤ ከሰው ክፋት ሁሉ ይሰውርሽ፤ በፍጻሜሽም ዕረፍትን ይስጥሽ። አሜን።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ስለጻፍሽልኝ አልተቸገርኩም። ረቡዕ ከሰዓት ሴቶቹን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰበሰብኳቸው፤ ኬክ ጋገርኩ፤ ኤልመር ወረቀትና ቴምብር አመጣ። ምን መጻፍ እንዳለባቸው አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እያንዳንዷ በገዛ እጇ ጻፈች። ሚስስ ሞ ሦስት ጻፈች፤ ሁለቱን በሞቱት እህቶቿ ስም። የጎረቤት አጥቢያዎችም ሰምተው ተከተሉን። ሊኔያ እንኳ በእርሳስ የራሷን ጻፈች፤ ፊደሏ እንዴት እንዳማረ ብታዪ! ማንም አልረዳትም።

እንግዲህ ሜይ እየቀረበ ነው። ሁላችንም በጸሎት እንጠብቃለን።

የምትወድሽ ራግና


ኒው ዮርክ፣ ሜይ 20 ቀን 1954

ለራግና፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ አለሁ፤ እስከ ጁን 4 ድረስ።

ዓርብ ጁን 4 ሎርና ከደረጃ ወድቃ ትሞታለች። ሚስተር ዌብ ቢሮው ጠርቶኝ ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ሁሉም ከሚኒሶታ፣ ሁሉም ከአንድ አካባቢ ፖስታ ቤት። «ይቺ ሴት ካልሞተች ሳሙናችሁን አንገዛም።» ቃሉ እንኳ አልተቀየረም። «የአገርሽ ሰዎች አይወዱሽም መሰለኝ» አለኝና ሳቀ። ሴቶቹ ነገሩን ገልብጠው ሰምተውት ይሆናል ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ። ምድር ቤቱ ያስተጋባል፣ ሚስስ ሞም ጆሮዋ ይከብዳታል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ።

አንዱን ደብዳቤ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ ሕፃናትም ይከታተሉናል ብሎ ይኩራራበታል። በእርሳስ የተጻፈ ነው። «እባካችሁ ሎርና ትሙት። ሞታ ወደ እኛ ቤት እንዳትመጣ። ሊኔያ።» ፊደሏ ያምራል ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፣ ያምራል። እዚያው ቆሜ እስኪበቃኝ አየሁት። ሚስተር ዌብ ያስቀየመኝ መስሎት «ተዪው፣ የልጅ ነገር ነው» አለኝ።

ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ግን አንድ ያላሰብሽው ነገር አለ። ሎርና ስትሞት ያ የፈረምኩት ወረቀትም አብሯት ይሞታል። ከእንግዲህ የምፈራው ኩባንያ የለም። ሊኔያ ልጄ ናት ብዬ በሚስስ ሞ ስልክም ቢሆን እጮሃለሁ። ጁን 15 በባቡር እመጣለሁ፤ ልብሷን አዘጋጂልኝ። ሥራ ባይኖረኝም ልጅ ይኖረኛል።

ያን ዓርብ ሳጥኑን አጥፊው። ማጥፋት ካቃተሽ ግን ይህቺን ብቻ ንገሪልኝ። ከደረጃው ሥር ፍራሽ አለ። መብራቱ ሲጠፋ አክስትሽ ብድግ ብላ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ሳንድዊች በልታ፣ አንቺን ልታይ ባቡር ትሳፈራለች በያት። በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ።

ቲራ


ሆቭዳል፣ ጁን 7 ቀን 1954

ለቲራ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። መጽናናትን ከላይ ይስጥሽ።

ሳጥኑን አላጠፋሁትም። ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ከእርሻ እንኳ ወንዶች መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። ሊኔያ ከፊት ተቀምጣለች። ስትወድቂ ሚስስ ሞ «እሰይ! የእጇን አገኘች!» ብላ አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሊኔያ አላጨበጨበችም። «ለምን አትነሳም?» አለች። ወዲያው ሙዚቃው መጣና የሳሙናው ማስታወቂያ ተከተለ።

ማታ ሚስስ ሞ ተመልሳ መጣች፤ ድንችና ሥጋ ጋግራ በጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። እየሳቀች ነው። «ከቤታችሁ ሰው ሞቶ ባዶ እጄን ልምጣ እንዴ?» አለች። ለቀልድ ነበር። ግን አገሩን ታውቂዋለሽ፣ አንዷ ካመጣች ሌላዋ አትቀርም። ቅዳሜ ምግብ ሲመጣ ዋለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገበታውም ወንበሮቹም ሞሉ። ሳህኑ እንዳይጠፋ ሁሉም ከሥሩ በፕላስተር ስማቸውን ለጥፈውበታል፤ ልክ ያባቴ ለቅሶ ጊዜ እንደመጡት።

ሊኔያ ያባቴን ሳህኖች አልረሳችም። አንድ በአንድ ከፍ እያደረገች ከሥሩ ስሙን አነበበች። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረችና «እማ፣ አክስቴ ቲራ የእውነት ሞተች እንዴ?» አለችኝ። ኤልመርን አየሁት። ኤልመር ባርኔጣውን አንስቶ ወደ ላሞቹ ሄደ። እኔም «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ» አልኳት። በላች። ሁለተኛም ጨመረች። ያን ሌሊት በሩን ቆልፊው አላለችኝም፤ ከገና ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

እንግዲህ በጁን 15 መጥተሽ ምን ልትያት ነው? ተመልካች አንዴ የቀበረውን ሰው ቢነሳም አይቀበለውም ያልሽኝ አንቺው ነሽ። በመዝገብ የኔና የኤልመር ልጅ ናት፤ ያጠመቃት ፓስተርም ይመሰክራል።

የምድር ቤቱን ነገር ስትጠይቂኝ አፍረሻል፤ እኔ ግን አላፍርም። ሴቶቹ በደንብ ነው የሰሙኝ። ምን ቢጻፍ እንደሚገድልሽ ራስሽ ጽፈሽ ላክሽልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ትኩሳቷን የለካሁት፣ ጸጉሯን የጎነጎንኩት፣ ማታ ማታ ጸሎት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አንቺ ናፕኪን አጠፍሽላት። እና ይሄን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ላስረክብሽ?

የሚስስ ሞ ምግብ ጨው በዝቶበት ነበር፤ የሌሎቹ ግን ጥሩ ነበር።

ራግና


ሆቭዳል ባቡር ጣቢያ፣ ጁን 15 ቀን 1954

ራግና፣

ከሞተ ሰው ሰላምታ አይጠበቅም።

ከባቡር ስወርድ የጣቢያው ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ግድግዳ ተደገፈ። ከሰላምታ ይሁን ከድንጋጤ አላወቅኩም። ወደ እናንተ የሚወስደውን መንገድ በእግሬ ያዝኩት። የመልእክት ሳጥናችሁ አጠገብ ስደርስ ልጄን አገኘኋት። ትንሿን ጋሪዋን ትጎትታለች፤ ጋሪው ሳህን በሳህን ነው።

ያወራነውን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ ከመጋረጃው ኋላ ሆነሽ ያየሽ እንጂ የሰማሽ አይመስለኝም።

«ደህና ዋልሽ» አልኳት።

«ደህና ዋሉ» አለችኝ። አንቱ አለችኝ።

«ምን ይዘሻል?»

«የለቅሶ ሳህን ነው። ይታጠብና ለባለቤቱ ይመለሳል። ሳይመልሱ መቅረት ነውር ነው።»

«ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«አክስቴ።»

አፈሩ ላይ ተንበረከክሁ። «ሊኔያ፣ እኔ ነኝ። ቲራ ነኝ። አልሞትኩም የኔ ቆንጆ፤ ጨዋታ ነበር፣ ከደረጃው ሥር ፍራሽ ነበር» አልኳት።

«ቲራ ሞታለች» አለች። «በልተናል።»

ስንቱን ቃል በአንድ ሌሊት የማጠና ሴትዮ አንድ ቃል አጣሁ። እሷ አንዱን ሳህን አንስታ ገለበጠችና «ይሄ ታጥቦ ደብዝዞብኛል፤ የማን እንደሆነ ሊያነቡልኝ ይችላሉ?» አለችኝ። የሚስስ ሞ ነው አልኳት። «አመሰግናለሁ። ከሩቅ ነው የመጡት?» አለች። ከሩቅ ነው አልኩ። «እንግዲያው በደህና ይግቡ» ብላ ጋሪዋን ጎተተች። የገዛ ለቅሶዬን ሳህኖች እያንቋቋች እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋት።

አንዴም ዓይኔን አላየችኝም። ይህን ሥራ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሰው ያጠናውን ቃል ሲናገር ዓይን ካየ ቃሉ ይጠፋበታል። እሷ አንዲት ቃል አልሳተችም። ወይ በእውነት ሞታለች ብላ አምናለች፣ ወይ እኔ እንደምመጣ አውቀሽ ስታስጠኛት ሰንብተሻል። የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

ይዤያት መሮጥ እችል ነበር። እጄ ተነስቶም ነበር። ግን ያ የእንጨት ማከማቻ ትዝ አለኝ፤ ካርቶን መሆኑን ማንም ያልነገራት ማከማቻ። እያለቀሰች ብጎትታት ያን ጊዜ ሎርና የእውነት እሆናለሁ። እጄን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። አሸንፈሻል ራግና፤ ደስ ይበልሽ።

ከደስታሽ ጋር ይህችንም ያዢ። ዛሬ ልጄን እናት እንዴት እንደሚቀበር አስተምረሻታል፤ ዓይኗን ሳታሽ፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ። ትምህርት ቶሎ የሚገባት ልጅ ናት። አንቺም ታረጃለሽ። ያን ቀን ሊኔያ አዲስ አትሆንም፤ በኔ ተለማምዳዋለች።

ከጣቢያው አጠገብ ካለው ሱቅ ጎድጓዳ ሳህን ገዝቻለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በውስጡ ነው፣ የጣቢያው ሰውዬ ያደርስልኛል። ምግብ የለበትም፤ የራሴን ለቅሶ ራሴ መመገብ አልፈለግሁም። ከሥሩ ግን በፕላስተር ስሜን ጽፌበታለሁ። አውልቀሽዋል ያልሽውን ያባቴን ስም፤ ቲራ ሃውገን፣ ከነኒው ዮርክ አድራሻው። ደንቡን ልጄም ነግራኛለች፤ ስም ያለበት ሳህን ሳይመለስ መቅረት ነውር ነው። አድጋ ራሷ ታምጣልኝ። እጠብቃለሁ።

ቲራ


ሆቭዳል፣ ኦገስት 3 ቀን 1954

ለቲራ፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። ሥራ አግኝተሽ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሳህንሽን በፖስታ ልኬዋለሁ። የሰው ዕቃ ቤቴ አይከርምም። በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ፤ በመንገድ ተሰብሮ ከደረሰ የኔ ጥፋት አይደለም። ሊኔያ ደህና ናት። ዋና ተምራለች። ስላንቺ አታነሳም፤ እኛም አናነሳባትም። ሴቶቹ አሁን ለዶክተሩ የመጣችለትን አዲሷን አስተማሪ ወደዋታል። ሚስስ ሞ «ይቺ እንኳ አንገቷን ትሸፍናለች» አለች።

ልጠይቅሽ የፈለግኩት አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሳህኑን ያጠበችው ሊኔያ ናት፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ድንች እልጥ ነበር። ሲደርቅ ገልብጬ ባየው ፕላስተሩ የለም። «ውሃ ነው ያነሳው» አለችኝ። ውሃ እንዲህ አያነሳም፣ በጥፍር የተላጠ ነው። ማጠቢያውን፣ ኪሷን፣ ከፍራሿ ሥር ሁሉ ፈተሽኩ። ቁም ሣጥኑ ላይ የነበረውን ያንቺን አሻንጉሊት ሳይቀር ልፈትሽ ብዬ ሳወርደው አቧራ የለበትም፤ ማን ያወርደው እንደነበር አላውቅም። ፎቶውም ከመሳቢያው የለም። ስጠይቃት ዓይኔን አታየኝም።

ትናንት ደግሞ ኤልመርን ላሞቹ ጋ ተከትላው ሄዳ «ኒው ዮርክ ደብዳቤ ለመላክ ስንት ቴምብር ይለጠፋል?» ብላዋለች። ኤልመር ሃያ ዓመት ሙሉ ስናገረው የማይሰማ ሰው ነው፤ እሷን ግን ሰማት። ነግሯታል። ቴምብሩንም ከኪሱ አውጥቶ ሰጥቷታል።

የእርሳስ ጽሑፍ ያለበት ፖስታ ቢደርስሽ እባክሽ ሳትከፍቺ መልሺልኝ። ልጅ ናት፤ የምትጽፈውን አታውቅም።

ራግና